የ1,200 ብሯ ኤምፒስሪና የኔ ጆሮ

ዋጋውን ላስቀድም፤ ሁላችሁም መጀመሪያ የምትጠይቁት እሱን ነው። 1,200 ብር። ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ትንንሽ የሞባይል ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ገዛኋት። ሻጩ 1,500 ብሎ ጀመረ፣ እኔ 1,000 አልኩ፣ ሁለት ጊዜ ወጥቼ ስመለስ ተስማማን። የምታውቁት የፋብሪካ ስም የለባትም። ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ትበልጣለች። ጠባብ ስክሪን፣ አምስት ቁልፍ፣ የኤርፎን ቀዳዳ፣ የሚሞሪ ማስገቢያ፤ አለቀ።

"በዚህ ዘመን ኤምፒስሪ ማን ይገዛል?" ያላለኝ ሰው የለም። እውነታቸውን ነው። አፕል እንኳ በ2001 የጀመረውን አይፖድ በ2022 በቃኝ ብሎ ማምረት አቁሟል (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ግን ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። በየቀኑ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርጄ ማታ ሽቅብ እወጣዋለሁ። ስልኬን ለዘፈን ካዋልኩት ማታ ቤት ሳልደርስ ይሞታል፣ ደግሞም መናኸሪያ ግፊያ ውስጥ ስልክ እያወጡ ዘፈን መቀየር ለነጣቂ ግብዣ መላክ ነው። ይችን ግን ኪሴ ውስጥ እንዳለች በጣቴ ዳብሼ እቀይራለሁ። ስልክ አይጠራባት፣ ካርድ አትበላ፣ ማስታወቂያ አታመጣ።

ባለ 32 ጊጋ ሚሞሪ ለብቻው ገዛሁ። የተለመደው ኤምፒስሪ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋ ባይት ገደማ ነው የሚይዘው፣ ስለዚህ ሰባት ሺህ ዘፈን ይገባል ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ተደምሮ ያን ያህል አይሞላም። ዘፈን ከሚጭኑት ልጆች ዘንድ ሄጄ አስጫንኩ። (ሚሞሪያችሁን ከማስጫናችሁ በፊት ውስጡ ያለውን ፎቶ እቤታችሁ ገልብጡት። የኔ ከነቫይረሱ ነው የተመለሰው፣ ፎልደሮቼ በሙሉ ተደብቀው ነበር።)

ድምፅዋ ለዋጋዋ ሸጋ ነው። ባትሪዋም አንዴ ከሞላ ሁለት ቀን ያደርሰኛል። እዚህ ድረስ ምስጋና።

አሁን ወደ ጆሮዬ ልምጣ።

ከሳጥኗ ጋር የሚመጣውን ኤርፎን ጣሉት። አልቀልድም። ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ጆሮ ላይ አይገጥምም፣ የውጭውን ጫጫታ እንዳለ ያስገባል። የውጭው ጫጫታ ሲገባ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ድምፅ ትጨምራላችሁ። እኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመለስ፣ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሾፌሩ የራሱን ዘፈን ከፍቷል፣ መስኮቱ ይንኳኳል፣ ከኋላዬ ሕፃን ያለቅሳል። የኤምፒስሪዋ ድምፅ ከ0 እስከ 30 ነው የሚሄደው። ጣርማበርን ስናልፍ 20 ላይ ነበርኩ። ሸዋሮቢት ላይ 25። ከሚሴ ስንደርስ 30፣ ከዚያ በላይ ስለሌላት ነው እንጂ እጨምር ነበር። ሆዴም ጆሮዬም ሞልቶ ደሴ ወረድኩ። ቤት ስገባ እናቴ ታወራለች፣ እኔ "እ? ምን አልሽ?" እላለሁ።

"ምነው ልጄ፣ ደነቆርክብኝ እንዴ?"

ያን ሌሊት ጆሮዬ ጭርርርር ሲል አደረ። ውጭ ያለ ፌንጣ መስሎኝ መስኮት ሁሉ ዘግቻለሁ። በሁለተኛው ቀን ቀነሰ፣ ግን ፈርቼ ስለነበር ክሊኒክ ሄድኩ። ያየችኝ ባለሙያ ዕድለኛ ነህ አለችኝ። ውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን የፀጉር ሴሎች አሉ፣ ኃይለኛ ድምፅ ሲበዛባቸው ይደክማሉ፣ ከበዛ ደግሞ ይሞታሉ። የሞተው ተመልሶ አይበቅልም። መድኃኒትም የለውም። "የራስ ፀጉር አይደለም" አለችኝ እየሳቀች፤ እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው እንዲህ ነው፤ 80 ዴሲቤል ድምፅ ከሆነ (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል። 90 ከሆነ ግን አራት ሰዓት ብቻ። በቀን መስሏችሁ እንዳትሳሳቱ፣ በሳምንት ነው! ቁጥሩ አሥር ብቻ ነው የጨመረው፣ ሰዓቱ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም፣ ሦስት በጨመረ ቁጥር ወደ ጆሮ የሚገባው ጉልበት እጥፍ ይሆናል፣ ለዚህ ነው የተፈቀደው ጊዜ በግማሽ የሚቀነሰው። እኔ በአንድ የአውቶቡስ ጉዞ የስንት ሳምንት ኮታዬን እንደበላሁ አስቡት።

ለአውሮፓ ገበያ የሚሠሩት ማጫወቻዎች 85 ዴሲቤል አካባቢ ሲደርሱ ያስጠነቅቃሉ፣ ከ100 በላይም እንዳይወጡ ተደርገው ነው የሚሠሩት። የኔዋ ምንም አትልም። ይባስ ብሎ ስትከፈት ትናንት በተውኳት ድምፅ አትጀምርም፣ ሁልጊዜ ከ22 ነው የምትነሳው። ኤርፎኑን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ከከፈትኳት ጥፊ ነው። ስለዚህ ልማዴን ቀየርኩ፤ መጀመሪያ እከፍታለሁ፣ ድምፁን አወርዳለሁ፣ ከዚያ ነው ጆሮዬ ላይ የማደርገው። የዚች ዕቃ ትልቁ ጉድለት ይኼ ነው፣ ሻጩ ግን "ሁሉም እንደዚያ ነው ወንድሜ" ብሎ አለፈው።

ዴሲቤል መለኪያ የለኝም። ግን ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ቀላል ሒሳብ አለ፣ ከጠቅላላው ድምፅ 60 በመቶ አትለፉ ይላሉ። የኔ ከ30 ስለሆነ 18 ማለት ነው። ከ18 አላልፍም። ሌላው፣ ክንድ ያህል ርቆ የቆመ ሰው እናንተን ለማናገር መጮህ ካለበት ድምፁ በዝቷል።

ኤርፎኑን ጣሉት ብያለሁ አይደል? ጫፉ ለስላሳ ጎማ የሆነውን፣ ጆሮ ውስጥ ገጥሞ የሚቀመጠውን በ350 ብር ገዛሁ። ልዩነቱ ገረመኝ። ሚኒባስ ውስጥ ድሮ 25 ያስፈልገኝ የነበረው አሁን 14 ይበቃኛል። የውጭው ጫጫታ ስለማይገባ ከሱ ጋር መፎካከር የለም። ጎማውን በሳምንት አንዴ አውልቄ አጥበዋለሁ። ለሰው አላውስም፣ ንፉግ በሉኝ፣ የጆሮ ኩክና ቁስል አብሮ ነው የሚዞረው።

ሥራዬ ደግሞ ብረታ ብረት ነው። ግራይንደር ብረት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ከ90 ዴሲቤል በላይ በቀላሉ ይወጣል። ይህን ከዘፈን ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። ለካ ጆሮ ሥራና መዝናኛ ብሎ አይለይም፣ ሁሉንም አንድ ደብተር ላይ ነው የሚጽፈው። ማታ ወደ ደሴ ስወጣ 14 አልሰማ ይለኝና ዕቃዋ የተበላሸች ይመስለኝ ነበር። የደከመው ጆሮዬ ነው። እንዴት አወቅሁ? ማታ የሰማሁበትን ቁጥር ጠዋት አርፌ ተነስቼ ስሞክረው አስደነገጠኝ። እናንተም ሞክሩት፣ ነፃ ምርመራ ነው። አሁን ሥራ ላይ ጆሮ መድፈኛ አደርጋለሁ፣ የከበደ ቀን ከዋለ ደግሞ ማታ ጭራሽ ዘፈን አልከፍትም።

አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር ልጨምር። ዘፈን እያቀላቀለ የሚያጫውተውን ነገር ተጠንቀቁት። የኔ ሚሞሪ ውስጥ ከካሴት የተገለበጡ የማሪቱ ለገሰ አሮጌ ዘፈኖች አሉ፣ መንዙማ አለ፣ የዘንድሮ ሆይ ሆይታም አለ። የካሴቱ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። አምባሰልን ደግሞ ማንም በሹክሹክታ መስማት አይፈልግም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። ያ ያልቅና ሳላስበው የዘንድሮው ይጀምራል፣ ድም! ከመቀመጫዬ ነው የዘለልኩት፣ አጠገቤ የነበሩት እትዬ "ቢስሚላህ! ምን ነካህ?" አሉኝ። አሁን አሮጌውን ለብቻ ፎልደር፣ አዲሱን ለብቻ ፎልደር አድርጌዋለሁ።

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደሴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተለጥፋ ያደገች ናት፣ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። አንዳንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተሩን አጥፍቶ ቁልቁለቱን ይለቀዋል። ድምፅ የለውም። ባዶ ጆሮ እንኳ በግድ ነው የሚሰማው። እኔ በሁለቱም ጆሮዬ ጎማውን ደፍኜ መንገድ ስሻገር አንዱ ክርኔን ጨርፎ አለፈ። ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ አባት ናቸው የተቆጡኝ።

"አንተ ልጅ! ጆሮህን የት ጥለኸው ነው?"

"ይቅርታ አባባ" ከማለት ሌላ ምን እላለሁ። ልክ ናቸው። ጆሮ የሚደፍነው ኤርፎን ሚኒባስ ውስጥ ያደነቅሁለት ጥቅሙ መንገድ ላይ ጠላት ነው። አሁን ስራመድ አንዱን ጆሮ ብቻ፣ መንገድ ስሻገር ሁለቱንም አወልቃለሁ። ባጃጅና ሞተር ሳይክል እየነዳችሁ የምትሰሙ ደግሞ አላችሁ፣ አይቻችኋለሁ፣ እናንተን ምን እንደምላችሁ አላውቅም።

ባትሪዋ ሊቲየም ነው፣ እንደ ስልካችን። ከዚች በፊት የነበረችኝ ተመሳሳይ ዕቃ ባትሪዋ አብጦ ስክሪኑን ከቦታው አንስቶት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ማታ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ትራስ ሥር እያስቀመጥኩ ነበር የምተኛው። ሙቀቱ መውጫ ያጣል። መብራት ደግሞ ሄዶ ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ፣ ርካሽ ቻርጀር ያን መቋቋም አይችልም። ያበጠውን ባትሪ በመርፌ ወግቼ ላስተነፍሰው አስቤ ነበር፣ የሞባይል ጠጋኙ ልጅ እጄን ያዘኝ። ቢወጋ ሊቀጣጠል ይችላል፣ ጭሱም መርዝ ነው። አሁን ቀን ቀን፣ እያየኋት፣ ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ አደርጋለሁ። ስትሞላ እነቅላለሁ። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ሚኒባስ መስኮት ሥር ትቻት አልወርድም።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ጠፍታ ኪስ ትገባለች። ኤርፎን መብረቅ ይጠራል የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ግን ሰው ከተመታ በኋላ ሽቦው ኤሌክትሪኩን ወደ ጆሮ ይመራል። በፈረንጆቹ 2007 አንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የካናዳ ሐኪሞች ጽሑፍ አለ፣ አንድ ሰው ሙዚቃ እየሰማ ሲሮጥ በመብረቅ ተመቶ የሁለቱም ጆሮ ታምቡር ተበስቶ መንጋጋው ተሰብሯል። ያን ካነበብኩ በኋላ ገና ደመና ሲጠቁር ነው የማጠፋት።

ልግዛ ወይስ ልተው ለምትሉኝ፣ ግዙ። ግን 1,200 ሳይሆን 1,550 ይዛችሁ ሂዱ፣ ኤርፎኑን ጨምራችሁ። ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ ከፍታችሁ ድምፁ ከስንት እንደሚጀምር እዩ። ትናንት የተውበትን የሚያስታውስ ካገኛችሁ መቶ ሁለት መቶ ቢጨምሩባችሁም አትከራከሩ። ለልጅ ከሆነ ኤርፎኑን ትታችሁ የራሱ ስፒከር ያለውን ውሰዱ።

እናቴ እንደዚያ ዓይነት ነው የገዛሁላት። መንዙማዋን አስጭኜላት ቡና ስታፈላ ከረከቦቱ አጠገብ ታስቀምጠዋለች፣ ከአቦል እስከ በረካ ይዘልቃል። ትናንት ለእህቴ ሌላ ልገዛ እዚያው ሱቅ ሄጄ ነበር። ልጁ ፈገግ ብሎ "1,800 ገብቷል ወንድሜ" አለኝ። ወጣ ብዬ ተመለስኩ፣ ደግሜ ወጣሁ፣ ማንም አልጠራኝም።