ሮም ላይ እግር ያጠቡልን እናት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ይህን ጽሁፍ ስጀምር ስተወው ከረምኩ። ትናንት ግን አንዲት ዘመዴ ደውላ "ሮም ልንሄድ ነው፣ ማንን እናናግር?" ስትለኝ፣ ለእሷ ብቻ ሹክ ብሎ ዝም ማለት ንፉግነት መሰለኝ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

እኔ ፍራንክፈርት ነኝ። ጓደኛዬ ሜሪላንድ ናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። አዲስ አበባ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን ልጆች ነን። 16 ዓመት ሙሉ በስልክ "ዘንድሮስ እንገናኝ" ስንባባል ኖረን ዘንድሮ ተሳካ። አምስት ቀን፣ ሮም። ለምን ሮም? በአባቷ ምክንያት። ጋሼ የታሪክ አስተማሪያችንም ነበሩ። ስለ አክሱም ሐውልት ሲያስተምሩ ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና "ከእናንተ ውስጥ ሮም የሚሄድ ካለ፣ የቆመበትን ቦታ አይቶ ይንገረኝ፤ አደራ" ይሉን ነበር። ያኔ ሐውልቱ ገና እዚያው ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ግን ካልተናገርኩ የእትዬ ውለታ አይገባችሁም።

ማረፊያችን "ሊፍት አለው" የተባለ አራተኛ ፎቅ ነበር። አልዋሹም፣ ሊፍቱ አለ። በሩ ላይ "ተበላሽቷል" የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ቆሟል። ወረቀቱ ራሱ ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ሆኗል። ጓደኛዬ ስኳር አለባት፣ ጉልበቷንም ያማታል። ሻንጣችንን እየጎተትን ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔ እንኳን ሳቅ ትንፋሽም አልነበረኝ።

ኮሎሲየም በር ላይ ደግሞ ሿሿ ተሠራን። አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ፣ ምላሱ ቅቤ የሆነ ልጅ "ወረፋ የለም፣ አሁኑኑ ትገባላችሁ" አለን። 130 ዩሮ ቆጥረን ሰጠነው። ለካ የኮሎሲየም ቲኬት ስም ይጻፍበታል፣ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። እኛ በያዝነው ወረቀት ላይ የማን ስም እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጥበቃው አየት አድርጎ መለሰልን። ዞር ስንል ልጁ የለም። መደበኛው ቲኬት ለአንድ ሰው 20 ዩሮ እንኳ እንደማይሞላ ማታ ስናውቅ እራት አልበላ አለን።

በማግስቱ በቡድን ከሚያስጎበኙት አንዱን ያዝን። ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ሰክተው፣ ጃንጥላ ከፍ አድርጋ የያዘች ሴት አስከትለው አስሮጡን። ሩጫ ነው የምላችሁ። ጓደኛዬ ሽንት ቤት ገብታ እስክትወጣ ቡድኑ ሄዷል። የአስጎብኚዋ ድምፅ በማዳመጫው ውስጥ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ሹሹሹ ብሎ ጠፋ። ደውለን ብንጠይቅ "በሰዓቱ መገኘት የእናንተ ኃላፊነት ነው" አሉን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መንገዱ ደግሞ ሳምፒየትሪኒ የሚሉት ጥቁር ጥርብ ድንጋይ ነው። ለፎቶ ያምራል፣ ለእግር ግን መቅሰፍት ነው። ማታ ጫማዋን ስታወልቅ ተረከዟ ውሃ ቋጥሯል። ስኳር ላለበት ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

"በቃ ትኬቴን ልቀይርና ልሂድ" አለች። 16 ዓመት የጠበቅነው ነገር እንዲህ ሊያልቅ ነው ብዬ አለቀስኩ። ምን ይደረጋል፣ ያን ሌሊት ፍራንክፈርት ያለች አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህቴ ጋ ደወልኩ። "ቆይ፣ አንድ እናት አሉ" ብላ ስልክ ሰጠችኝ።

ስማቸውን ፌስቡክ ላይ እንዳላወጣ አስምለውኛል፤ እኛ "እትዬ" ነበር የምንላቸው። 60ን ያለፉ፣ ነጠላቸውን በስፖርት ጃኬት ላይ ጣል የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ሮም ከገቡ 40 ዓመት ሊሞላቸው ነው። ከ30 ዓመት በላይ ባዳንቴ ሆነው ሠርተዋል። እዚያ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፣ አቅመ ደካማ ሽማግሌና አሮጊት ቤታቸው ሆኖ መጦር ነው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። እንግዳ ሲመጣ ይዘው ይዞራሉ። "አስጎብኚ ነኝ አልልም" አሉኝ ገና በስልክ። "ቆሞ ታሪክ ማስረዳት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ባለፈቃዶቹ ሌሎች ናቸው። እኔ መንገዱን ነው የማውቀው።"

ጠዋት ተርሚኒ ጣቢያ አጠገብ ተቀጣጠርን። ሲመጡ ፊታችንን ሳይሆን የጓደኛዬን እግር ነው መጀመሪያ ያዩት። አረማመዷን ከሩቅ አይተው ነበር። ሰላምታውንም ሳይጨርሱ "ነይ እስቲ ተቀመጪ" አሏት፣ ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር ላይ። ሮም ውስጥ በየመንገዱ ቀን ከሌት ቀዝቃዛ ውሃ የሚፈስባቸው የብረት ቧንቧዎች አሉ፣ ከ2,000 በላይ ናቸው። ናዞኒ ይሏቸዋል፣ "ባለ ትልቅ አፍንጫ" እንደማለት። እትዬ ከቦርሳቸው የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥተው ሞልተው መጡ። ከዚያ አጎንብሰው የጓደኛዬን ጫማ መፍታት ጀመሩ።

"ኧረ በማርያም! እትዬ ይተዉ!" ብላ እግሯን ሰበሰበች።

"ምን ይተዉ ትይኛለሽ? እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ነው እንዴ ቤት የሚገባው?"

አጠቧት። መንገደኛው ሻንጣውን እያንኳኳ በአጠገባችን ያልፋል። በጣቶቿ መካከል ሳይቀር በንጹሕ ፎጣ አደረቁላት። "ስኳር ያለበት እግር ርጥበት አይወድም። እኔ ስንቱን ሽማግሌ አጥቤያለሁ" አሉ። ያበጠውን ሳያፈርጡ በፕላስተር ሸፈኑት፣ ምን ዓይነት ፕላስተር እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ከዚያው ቦርሳ ሰፊና ለስላሳ ነጠላ ጫማ ወጣ። በስልክ "እግሯ ስንት ቁጥር ነው?" ብለው ጠይቀውኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነው የመለስኩት። ጓደኛዬ እንባዋን መያዝ አልቻለችም። እናቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ለቀብር አልደረሰችም፣ ወረቀቷ አላለቀላትም ነበር። ከዚያ ወዲህ እግሯን የነካ ሰው ሐኪም ብቻ እንደነበር ማታ ነገረችኝ።

እትዬ ልቅሶውን ያዩት አይመስሉም። ፎጣቸውን እያጠፉ "ያን አጭር ሐውልት አያችሁት?" አሉን። ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ድንጋይ ነው። ጣልያኖቹ በ1887 እ.ኤ.አ. (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮቻቸው መታሰቢያ አድርገው አቆሙት። የጣቢያው አደባባይም ስሙ "የአምስት መቶዎቹ አደባባይ" ነው፣ አምስት መቶዎቹ እነዚያው ናቸው። በባቡር ሮም የሚገባው ቱሪስት ሁሉ በአሉላ ሥራ ላይ ነው የሚወርደው ማለት ነው። ሁለት ቀን በዚያ ስናልፍ ማንም አልነገረን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ቀናት ሌላ ከተማ የገባን ያህል ነበሩ። እትዬ ሮምን የሚያውቋት ዊልቸር እየገፉ ነው። ድንጋዩ የሚለሰልሰው በየትኛው ዳር እንደሆነ፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን በጎን በኩል ደረጃ የሌለው በር እንዳለው፣ ሽንት ቤቱ ንጹሕ የሆነ ቡና ቤት የቱ እንደሆነ፣ ሁሉም ጭንቅላታቸው ውስጥ ነው። የስፔን ደረጃዎች ጋ ስንደርስ እኛ አንጋጠን "በቃ አይቻልም" ስንል እሳቸው ወደ ሜትሮው ይዘውን ገቡ፣ ከውስጥ በሊፍት አናቱ ላይ ብቅ አልን። ጓደኛዬ ልትቀመጥ ስትል ደግሞ "እዚህ ደረጃ ላይ መቀመጥ ያስቀጣል!" ብለው ክንዷን ያዙ። ከ2019 ወዲህ ክልክል ነው።

ቅዱስ ጴጥሮስ ላይ ጉልላቱ ላይ እንውጣ ብለን ነበር። ሊፍት አለው ተብለናል። "አለው" አሉ እትዬ፣ "ግን ከሊፍቱ በኋላ 320 ደረጃ ይጠብቃችኋል።" ቀረን። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግር ሰው ስንት ያወጣል? በምትኩ አደባባዩ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ከባሲሊካው ጀርባ ስላለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነገሩን። የእኛ መነኮሳት በ15ኛው መቶ ዘመን እዚያ ነበሩ። በ1548 የግእዝ ሐዲስ ኪዳን የታተመውም ሮም ነው። ስለ ሥዕሉና ስለ ቅስቱ ሌላም ብዙ ሰምቻለሁ፣ እውነቱን ለመናገር በአንዱ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። ኮሎሲየምም ገባን፣ በየስማችን በተቆረጠ ቲኬት፣ በሊፍት። ውስጡን ባለፈቃድ አስጎብኚ አስረዳን። እትዬ ውጭ ጠበቁን።

ናዞኒውን በጣት ደፍኖ መጠጣት ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። ጫፉን ስትደፍኑት ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቀስት ሆኖ ወደ አፋችሁ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ስሞክር ዓይኔ ውስጥ ገባ። የ40 ዓመት ሴቶች ነን፣ ግን እንደ ልጅ ስንረጫጭ ዋልን። ደግሞ ቡና ቆማችሁ ጠጡ። ወንበር ላይ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ሌላ ነው፣ ይህንንም በመጀመሪያው ቀን በደማችን ነው የተማርነው።

የመጨረሻው ቀን ማታ የጋሼን አደራ ልናደርስ ሄድን። ቺርኮ ማሲሞ የሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ነው፣ ፖርታ ካፔና አደባባይ። ፊት ለፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ የተጀመረ ነው፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ ይገኝበታል። ሐውልቱን በ1937 አምጥተው እዚህ አቆሙት። በ1947 እንመልሳለን ብለው ፈረሙ። የተመለሰው በ2005፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን ነው። አሁን መኪና ይዞራል፣ ሣር አለ። በኒውዮርክ ለሞቱት የሴፕቴምበር 11 ሰለባዎች የተተከሉ ሁለት ዓምዶችም አሉ።

ለጋሼ በቪዲዮ ደወልን። 84 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ስለደከመ ስልኩን አፍንጫቸው ላይ ነው የሚያስጠጉት፣ ግማሽ ግንባራቸው ብቻ ይታየናል። ጓደኛዬ ግራ ገብቷት ስልኩን ወደ መኪናው ስታዞር እትዬ ተቀበሏትና ሣሩ ላይ ወጡ።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነበር። የምጦራቸውን ሽማግሌ በዊልቸር እያመጣሁ ሥሩ እቀመጥ ነበር። በብረት ተከቦ ሲፈታም ቆሜ አይቻለሁ።"

"አሁን ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው ጋሼ።"

"እሰይ" አሉ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ "እስቲ አንዴ አዙሩልኝ" አሉ።

እትዬ ምንም የሌለበትን ቦታ ሦስት ጊዜ ዞረው አሳዩዋቸው። ጋሼ ቀጥለው "አበበስ በየት በኩል አለፈ?" አሉ። በ1960 አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው እዚሁ ሐውልት ጋ ሲደርስ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ጨረሰ። እትዬ መንገዱን በጣታቸው አሳዩዋቸው። "የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር" አሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው፣ ቀኑ ጳጉሜን 5 ነበር። ጓደኛዬ ድንጋዩንና የእትዬን ነጠላ ጫማ እያየች "እኔ በጫማም አልቻልኩት" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ሮም የምትሄዱ በሙሉ፣ በተለይ እናት አባታችሁን፣ ጉልበቱን የሚያመውን ወይ ስኳር ያለበትን ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ሌላ ቦታ ሳትጨነቁ መጀመሪያ እሳቸውን አናግሩ። ለሦስት ቀን ለሁለታችን የጠየቁን ሒሳብ ባለ ባጁ ልጅ በአምስት ደቂቃ ከወሰደብን ያነሰ ነው። ጨምረን ስንሰጣቸው ተቆጡ። በርበሬና ሽሮ ግን አይመልሱም፣ ስለዚህ ይዛችሁ ሂዱ። እትዬ፣ ይህን ካነበቡት እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ነጠላ ጫማው ሜሪላንድ ገብቷል፣ አልመልስም ብላለች።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ስለሚከብዳቸው ብዙ አይወጡም። ደግሞ ሁለት ሰዓት ካሉ ሁለት ሰዓት ነው። እኛ አሥር ደቂቃ አርፍደን የሰማነውን እኛ ነን የምናውቀው።