ቫይታሚን ቢ12ን በባክቴሪያ መለካት፦ ላክቶባሲለስ ወይስ ዘረ መሉ የተለወጠ ኢ. ኮላይ?

ሁለቱም መንገዶች የሚመሠረቱት በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ ያለ ቫይታሚኑ ማደግ የማይችል ባክቴሪያ ምን ያህል እንደበዛ ካየን፣ በናሙናው ውስጥ የነበረውን የቫይታሚን መጠን ማወቅ እንችላለን።

ላክቶባሲለስ ዴልብሩኪ ለማደግ በተፈጥሮው ቢ12 ይሻል። በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያድር በመሞከሪያ ቱቦው ውስጥ ያለው ጥርት ያለ ፈሳሽ ይደፈርሳል፤ የድፍርሱም መጠን በመሣሪያ ይነበባል። በፒኮግራም (በአንድ ግራም ትሪሊዮንኛ) የሚቆጠር መጠን እንኳ ስለሚለይ ለደምና ለምግብ ናሙና ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ነገር ግን ናሙናው ዲኦክሲራይቦሳይድ የተባለው የዲኤንኤ መሥሪያ ካለበት ባክቴሪያው ያለ ቢ12ም ያድጋል፤ ታማሚው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ ደግሞ እድገቱ ታፍኖ ውጤቱ ከእውነተኛው ያንሳል።

ኢ. ኮላይ ሜቲዮኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሠራባቸው ሁለት ኤንዛይሞች አሉት፤ ሜት-ኢ ቢ12 አይፈልግም፣ ሜት-ኤች ግን ያለ እሱ አይሠራም። የሜት-ኢን ዘረ መል ስናጠፋ ባክቴሪያው የቢ12 ጥገኛ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ሜቲዮኒን ያለበት ናሙና ያሳስተዋል፤ ጥቂት መጠን በመለየትም ከላክቶባሲለስ ያንሳል። ያም ሆኖ ለምርምር የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ምክንያቱም ቫይታሚኑን በውጨኛው ሽፋን በኩል የሚያስገባውን ቢቲዩ-ቢ የተባለ ፕሮቲን ደርበን ብናጠፋ፣ ባክቴሪያው ጥቂት ቢ12 በዙሪያው እያለ እንኳ ማደግ ያቅተዋል፤ ቫይታሚኑ በየትኛው በር እንደሚገባ በዓይናችን እናያለን ማለት ነው።

ስፒሩሊና በተባለው ለምግብነት በሚውለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ውስጥ የሚገኘውን፣ በሰው አካል የማይሠራውን ሐሰተኛ ቢ12 ግን ሁለቱም እንደ እውነተኛው ይቆጥሩታል።