በግማሽ ዋጋ ስለሚሸጠው የወፍ ኑግ ማስጠንቀቂያ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩና በጓሮአችሁ ወፍ የምትመግቡ ወገኖች፣ በአካባቢያችን ባለ አንድ የአትክልት ዕቃ መደብር «የፊንች (ዘር የሚበላ ትንሽ ወፍ) ምግብ» ተብሎ መመገቢያ ዕቃ ተመርቆበት በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውን ባለ 20 ፓውንድ ከረጢት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። እኔ ገዝቼው ወፎቹ ሸሽተውታል። ከረጢቱ ላይ ጎልድፊንች የተባለው ቢጫ የፊንች ዓይነት በትልቁ ታትሟል፤ ውስጡ ያለው ግን አቧራ የለበሰ ቡናማ ኑግ ሲሆን፣ ጎልድፊንች የማይፈልገው ቀይ ማሽላና ስንዴም ተቀላቅሎበታል።

ኑግ ከኢትዮጵያም ሆነ ከህንድ ወደ አሜሪካ ሲገባ፣ አብሮት የሚመጣ የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ይታከማል። ወፎቹ የሚሸሹት በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ኑግን ተፈላጊ የሚያደርገው ዘይቱ ነውና፣ በመጋዘን ለረጅም ጊዜ ተከማችቶ ሲደርቅ ቀምሰው ይተዉታል። ኑግ ሲወቀጥ እያየ ላደገ ሰው ማጣራቱ ቀላል ነው፦ ጥቂት ፍሬ በነጭ ወረቀት ላይ በማንኪያ ጀርባ ሲደፈጠጥ፣ ደህናው ጥቁርና አንጸባራቂ ዘር የዘይት ምልክት ይተዋል፤ የደረቀው ዱቄት ብቻ ይሆናል።

ቅሬታዬን ሳቀርብ ሻጩ የሰጠኝ መልስ ወፎቹ ለክረምቱ ስለሄዱ ጸደይን ልጠብቅ የሚል ነበር። ይህ ትክክል አይደለም፤ ጎልድፊንች በእኛ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ይኖራል፣ በብርድ ወራት ቢጫ ላባውን ለውጦ ስለሚደበዝዝ ብቻ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ከዘሩ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን ምርቃቱ መመገቢያ ነው። ቀዳዳዎቹ ለሱፍ አበባ ፍሬ የተሠሩ በመሆናቸው ኑጉ ይፈስሳል፤ ከሥሩ ስለማይፈታም እርጥብ ዘር እዚያው ተጋግሮ ይሻግታል፣ ለማጠብም አይመችም። ሃውስ ፊንች የተባለውን ወፍ ዓይን አሳብጦ የሚያሳውረው የባክቴሪያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1994 መጀመሪያ የታየው በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ ሲሆን፣ ወፎች በሚጋሩት መመገቢያ ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ መመገቢያው ተፈታትቶ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በተበጠበጠበት፣ በየሁለት ሳምንቱ መታጠብና በሚገባ መድረቅ ይኖርበታል፤ ዓይኑ ያበጠ ወፍ ከታየም መመገቢያው ወዲያውኑ መነሳት አለበት።

መደብሩ ከረጢቱ ተከፍቷል በማለት ገንዘቤን አልመለሰልኝም። ገዝታችሁ ያልከፈታችሁ ካላችሁ ከነማሸጊያው፣ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱ፤ አዲስ የምትገዙም የታሸገበትን ቀን አይታችሁ፣ ቶሎ የሚያልቅ ትንሽ ከረጢት ምረጡ።