የጋዝ ኦቨን ሊገጥሙልኝ መጥተው ሐሳቤን ላስቀየሩኝ ባለሙያ

ሰላም ደሴዎች፣ ሰላም ኮምቦልቻዎች! ጋዝ ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ እያላችሁ ኦቨን ለመግዛት የምታወጡ የምታወርዱ ካላችሁ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ምጣድና ቡታጋዝ የሚጠግኑ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ወሬያቸው አጭር፣ እጃቸው ንጹሕ ሰው ናቸው።

እኔ ቤቴ ውስጥ ድፎ ዳቦ፣ ኬክና ኩኪስ እየጋገርኩ በትእዛዝ እሸጣለሁ። ዒድና ገና ሲቃረብ ኦቨኔ አያርፍም። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ካርድ በሞላሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። ጎረቤትም ዘመድም «ወደ ጋዝ ዙሪ» አለኝ። ጋሼን የጠራኋቸው የጋዝ ኦቨን እንዲገጥሙልኝ ነው። የእጃቸውን ዋጋ ተነጋግረን ጨርሰን፣ ዕቃውን መግዛት ብቻ ቀርቶ ነበር።

ቤቴ ገብተው ያለኝን ኦቨን ዞር ዞር ብለው አዩና «አብሽሪ እቴ፣ መግጠሙ ይደርሳል። መጀመሪያ የትኛው ኪስሽን እንደሚያራቁተው እንለካ» አሉኝ።

አለካካቸው ማንም ቤቱ ሊሞክረው የሚችል ነው። ፍሪጁንም አምፖሉንም አስጠፉኝና የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ኦቨኑን 180 ዲግሪ ላይ አድርገን፣ የማሞቂያውን ጊዜ ጨምሮ አንድ ሰዓት ጋገርን። ቆጣሪው 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ቧንቧ ውሃ ወደምትኖረው እህቴ ቤት ሄድን፤ እሷ ጋ የጋዝ ኦቨን አለ። ሲሊንደሩን በዲጂታል ሚዛን መዝነው፣ ያንኑ ዓይነት ሊጥ በያው ሙቀት አንድ ሰዓት አስጋግረው እንደገና መዘኑት። የጎደለው ጋዝ ሩብ ኪሎ ያህል ነበር።

ቀሪው ሒሳብ ነው። በሰዓት ሩብ ኪሎ ከፈጀ፣ 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር 50 ሰዓት ያህል ይጋግራል። የኤሌክትሪክ ኦቨኑ ያንኑ 50 ሰዓት በ100 ኪሎዋት ሰዓት ይጋግራል። ስለዚህ የሲሊንደሩን መሙያ ዋጋ ለ100 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከምትከፍሉት ካነሰ ጋዝ ያዋጣል፣ ከበለጠ መብራት ያዋጣል። ሲሊንደሩ 3,000 ብር ነው ብንል 30 ብር ይመጣል። ጭማሪው ከመጀመሩ በፊት በወር ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የሚፈጅ መኖሪያ ቤት እንኳ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 2.48 ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ የተጨመረው ቢደመርም 30 ብር አጠገብ አይደርስም። የራሳችሁን ዋጋ ማወቅ ከፈለጋችሁ ካርድ ስትሞሉ የከፈላችሁትን ብር ለተሞላላችሁ ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። ፍጆታ ሲበዛ የዋጋው እርከን ከፍ ስለሚል፣ ብዙ በጋገራችሁበት ወር የወጣውን ደረሰኝ ብትይዙ ይሻላል።

እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። «ጋሼ፣ ጋዝ እኮ ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ያበስላል ይላሉ» አልኳቸው። እውነት ነው አሉ፤ በአንድ ኪሎ ጋዝ ውስጥ ወደ 12.7 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለ። ኦቨን ውስጥ ሲነድ ግን አየር መሳብና ጭሱን ማስወጣት ስላለበት፣ ሙቀቱ በጀርባው ቀዳዳ ከጭሱ ጋር አብሮ ይወጣል። የኤሌክትሪኩ ግን በሩ ከተዘጋ ሬዚስታንሱ (የሚግለው ሽቦ) ያመነጨው ሙቀት እዚያው ይቆያል። ጋዙ ደግሞ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ የሚመጣ ስለሆነ ዋጋው ከምንዛሬው ጋር ይወጣል።

የመግጠሚያውን ገንዘብ እንደሚያጡ እያወቁ ነው ይህን ሁሉ ያስረዱኝ። ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥልኝ።

በመግጠሚያው ፈንታ የሠሩልኝ ይህን ነው። የኦቨኔ በር ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቀየሩት። የታችኛው ሬዚስታንስ ግማሹ ሞቶ ስለነበር እሱንም በአዲስ ተኩ። ኦቨኑና ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ ነበሩ፤ ለኦቨኑ ብቻ 4 ካሬ የሚባለውን ወፍራም ሽቦ ከመሬት መስመሩ ጋር ስበው የራሱን ብሬከር ገጠሙለት። ምጣድ 3.5 ኪሎዋት፣ ኦቨን 2.5 ኪሎዋት አብረው ሲበሩ ወደ 27 አምፒር ይስባሉ፤ ያንን አንድ ቀጭን ሽቦ ቢሸከም ግድግዳ ውስጥ ይግላል። የገዟቸውን ዕቃዎች ደረሰኝ አምጥተው ነው ያስረከቡኝ፣ አሮጌዎቹንም አሳይተውኝ።

አንድ የማላውቀውንም ነገር አስተማሩኝ። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ራት ሲያበስል ቮልቴጅ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ሬዚስታንሱ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ ትንሽ ይቀንሳል ብላችሁ አታስቡ። ኬኩ ሳይነፋ የሚደርቀው ለዚህ ነው። አሁን የምጋግረው ከሱብሂ በኋላ ነው፤ ሰዓቱም አጠረ፣ ኬኩም ተስተካከለ።

የእህቴንም ቡታጋዝ ሳይነኩት አልሄዱም። ነበልባሉ ቢጫ ነበር፣ የድስቱ ቂጥ ሁልጊዜ ጥላሸት ይይዛል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አየሩ ከቆላው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቡታጋዙ ግን ለዚህ ከፍታ ተስተካክሎ አልተገጠመም። የአየር ማስገቢያውን አስተካክለው ኖዝሉን አጸዱት፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ። ቢጫ ነበልባል ጋዙ በደንብ አልነደደም ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ብር ከማባከኑ በላይ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚገድል ጭስ ያወጣል። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈተሹ፣ ያረጀውን ቱቦ አስቀየሯት። በኅዳር ብርድ ጠዋት ጋዙ ሲደክም ሲሊንደሩን እሳት ዳር የምታስጠጉ ካላችሁ ጋሼ ይህን አይተው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ውስጡ ያለው ፈሳሽ ሲበርደው ትነቱ ይቀንሳል እንጂ ጋዙ አላለቀም፤ ቤቱ ሞቅ እስኪል መጠበቅ ነው። ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፤ መስኮት ብቻ ሳይሆን በርም ክፈቱ ይላሉ።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ጥያቄ እኔም ጠይቄያቸዋለሁ፤ ጋዝን የሚያስመርጠው አንድ ምክንያት እሱ ነውና። የሰጡኝ መልስ እንዲህ የሚል ነው፦ በትእዛዝ ለሚጋግር ሰው ኤሌክትሪኩ ይበቃል፤ ለወጥና ለቡና አንድ ትንሽ የቡታጋዝ ምድጃ ይኑረው። መብራት ሲሄድ የኦቨኑን በር አለመክፈት ነው፤ ዳቦ ከሆነ በያዘው ሙቀት ሊደርስ ይችላል። ድፎ ከሆነ ደግሞ ኮባውን ጠቅልለን ከላይም ከታችም ከሰል አድርገን መጨረስ እናውቅበታለን። ኬክ ግን አይድንም። በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ለካፌ የሚጋግር ሰው በመብራት መጥፋት የሚጥለውን ሊጥ፣ ቅቤና እንቁላል በወር ደምሮ ከጋዙ ወጪ ጋር ያስተያይ፤ ለእሱ ጋዙ ውድ ሆኖም ሊያዋጣው ይችላል። ለእኔ አላዋጣኝም።

እንከን የለሽ ናቸው እያልኩ አይደለም። ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ፤ «ዙህር ላይ እመጣለሁ» ካሉ ዐስር ሶላት ላይ ጠብቋቸው። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ጨርሶ አታገኟቸውም። ዋጋቸውንም ከሌላው ሰው ረከስ ያለ አድርጋችሁ እንዳትጠብቁ፤ ግን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይነግሯችኋል፣ ሲጨርሱም ያችኑ ነው የሚቀበሉት።

ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ለአንድ ቤት ብቻ ብለው ያን ቁልቁለት አይወርዱም፤ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ትራንስፖርቱን ከተካፈላችሁ ግን ይመጣሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ግን አትደውሉላቸው፣ አያነሱም።