ለጋይዳንስ መምህርቷ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 10ኛ ክፍልን ጨረሰ። ወላጅ አምጣ ሲባል የምሄድለት እኔ ነኝ። ጓደኞቹ በሙሉ ሶሻል ሊገቡ ነው፤ እሱም ፊዚክስ ይከብዳል ብሎ አብሯቸው ሊሞላ ነበር። አጎቶቻችን ደግሞ ሐኪም ካልሆነ አንሰማም ብለዋል። ልጁ መሃል ላይ ተወጥሮ ከረመ።

የትምህርት ቤታቸው የጋይዳንስ (ተማሪ የሚያማክሩ) መምህርት ጋ ይዤው ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ውጤቱ አልነበረም። «ልጄ፣ ማንም ሳያዝህ የምትሠራው ምንድነው?» አሉት። የሰፈሩን የተበላሸ ምጣድ ሁሉ ፈትቶ፣ የተቃጠለ ሽቦውን ቀይሮ የሚገጥመው እሱ ነው። ይህንን አፍሮ ነበር የነገራቸው። «የሆስፒታል ማሽኖችንስ ማን የሚጠግናቸው ይመስልሃል?» አሉት።

ወረቀት አወጡ። አናቱ ላይ «ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ» ብለው ጻፉ። ከሥሩ አዲስ አበባና ጅማ ዩኒቨርሲቲ። ቀጥሎ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ 50 በመቶ። መጨረሻ ላይ 11ኛ ክፍል፣ ናቹራል። «ሶሻል ከገባህ ይሄ በር ይዘጋል» አሉት። ክብደቱንም አልደበቁትም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶ የሞላላቸው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ለመመረቅም የመውጫ ፈተና እንዳለ ነገሩት። በጣም የወደድኩላቸው ይህንን ነው። ብዙ ሰው ልጅ ሲመክር «በርታ» ብሎ ያልፋል።

ከጎኑ ሌላ መስመር አሰመሩ፤ ቴክኒክና ሙያ። በሕክምና መሣሪያ ጥገና ሠልጥኖ፣ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ተፈትኖ፣ ደረጃውን እያሳደገ መሄድ እንደሚችል አስረዱት። «የወደቀ ነው የሚገባው የሚሉህን አትስማ» አሉት። እኔም አምንበታለሁ፤ እጁ የሚሠራ ልጅ በየትኛውም መስመር እንጀራ አያጣም።

በዚህም አልበቃቸውም። ከሚያውቁት የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ጋር በስልክ አገናኙት። ወንድሜ የተከፈተ የኦክስጅን ማሽን አይቶ መጣ፤ ማታውን ስለሱ ብቻ ሲያወራ አመሸ። ፎርሙን ናቹራል ብሎ ሞልቷል። ፊዚክሱንም በክረምቱ ይዞታል።

ቲቸር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸው እንዳይጻፍ ስለሚፈልጉ ትቼዋለሁ።

ልጅ ያላችሁ፣ በየትምህርት ቤታችሁ ጋይዳንስ ቢሮ ካለ ጎራ በሉ። ፎርም ከመሞላቱ በፊት ይሁን፤ ከሞሉ በኋላ ማስቀየር አበሳ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ካርድ ያዙ። እኛ ምንም አልከፈልንም።