መብራት ሲሄድ የማይሄደው አምፑል፦ ደሴ ላይ ተጠቅሜ ያየሁት

ቻርጅ የሚያደርገውን አምፑል እንግዛው ወይስ ይቅርብን የምትሉኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። ባጭሩ ለኩሽናና ለኮሪደር ግዙ፣ ለሳሎን ግን አልመክርም፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

ዕቃው እንደ ማንኛውም ኤልኢዲ አምፑል የሚጠመዘዝ ነው፣ አንገቱ ብቻ ወፈር ይላል ምክንያቱም ሆዱ ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለችው። ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች አንዱ ጋ ተከራክሬ በ450 ብር ነው የወሰድኩት። ባለሱቁ "እህቴ 6 ሰዓት ይቆያል፣ መብራት መሄዱንም አታውቂም" አለኝ። ሁለተኛው እውነት ነው። አንደኛውን እናስላው፦ ካርቶኑ 9 ዋት ይላል፣ ባትሪዋ ደሞ 1200 ሚሊአምፒር አወር፣ ቮልቴጇ 3.7፣ ሲባዛ 4.4 ዋት አወር አካባቢ ይመጣል። በ9 ዋት ቢበራ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም እኮ! 6 ሰዓት እንዲቆይ ከ1 ዋት በታች መውረድ አለበት፣ የሚያደርገውም እሱኑ ነው፣ መብራት እንደሄደ ብርሃኑ ወዲያው ይቀንሳል ከዛ እየደከመ እየደከመ ይሄዳል። ሽንኩርት ለመክተፍ ይበቃል፣ ምስር ለመልቀም አይበቃም፣ ልጅ የቤት ስራ ልስራ ካለም ከስሩ ካልተቀመጠ ይቸገራል። ካርቶኑ ዋሸ አይባልም፣ 9 ዋቱም አለ 6 ሰዓቱም አለ፣ አንድ ላይ ግን አይገኙም።

እንዴት አውቆ ይበራል ለምትሉ ደሞ፣ ማብሪያው በርቶ መስመሩ ሲቋረጥ ውስጡ ያለችው ሰርኪት ሽቦው ላይ መዞሪያ መንገድ ትፈልጋለች፣ የኛ ፍሪጅ የጎረቤት ቲቪ ምናምን ሁሉም እንደተሰካ ስለሚቆይ በነሱ በኩል ዙሩ ይገጥምላታል፣ ስለዚ ማብሪያው በርቷል ግን መብራት የለም ማለት ነው ብላ ባትሪዋን ትለቃለች። ማብሪያውን ስታጠፉት ዙሩ ይቆረጣል፣ እሷም ትጠፋለች። ለዛ ነው አምፑሉን ፈታችሁ ጫፉንና ጥምዙን በእርጥብ ጣት አንዴ ስትነኩት እጃችሁ ላይ ቦግ የሚለው። የእህቴ ልጅ ይቺን ከዩቲዩብ አይቶ እናቴ ፊት ሲሰራት "አዑዙ ቢላህ! አንተ ልጅ ምን ገባብህ" ብላ ሲኒውን ልትጥለው ነበር። የባትሪዋ ጉልበት ትንሽ ስለሆነ አይነዝርም፣ ግን ልጆች ይሄን ካዩ በኋላ ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ሊፈቱት ስለሚሞክሩ ከፍ ያለ ቦታ ይሁን። አንድ ጥንቃቄ ደሞ፣ ሶኬት ልትጠግኑ ብሬከር አውርዳችሁ አምፑሉ አሁንም ቢበራ በሱ እንዳትፈርዱ፣ መስመሩ ይኑረው አይኑረው በቴስተር ነው የሚታየው።

ሌላው ባለሱቁ ያልነገረኝ፣ ቻርጅ የሚያደርገው ማብሪያው በርቶ ሲቆይ ብቻ ነው። ሽንት ቤት ብታስገቡት ሰው ገብቶ ሲወጣ ስለሚያጠፋው መቼም አይሞላም። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደሞ ዝግ የመስታወት ግሎብ ውስጥ ከታዋለች፣ ሙቀት የሊቲየም ባትሪ ጠላት ነው፣ እዛ ደሞ ሐረጎን ከወረዳችሁ በኋላ አየሩም ሌላ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ደከመባት። እሷ ለነገሩ ጭንቀቷ አምፑል አይደለም፣ ጁስ ስለምትሸጥ ፍሪጁ ነው። እኛ ጋ ደሴ ራሷ ፍሪጅ ናት፣ ወጡ በረንዳ ላይ ያድራል፣ ኮምቦልቻ ግን የፍሪጅ በር ሳይከፈት 4 ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው ከዛ በኋላ እያዘንክ መድፋት ነው። መብራት ሲሄድ ፍሪጁን ንቀሉት አቦ፣ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና የማቀዝቀዣውን ሞተር ይዞት ይሄዳል፣ ተመልሶ ሲረጋጋ ትሰኩታላችሁ።

እንጀራ ቀን መብራት ሲሄድ ደሞ አምፑሉ ምንም አይፈይድም፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ጠርዙን አልፎ እየፈሰሰ ምጣዱ ቀዝቃዛ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ያቺን ባትሪ ለምጣድ ብትሰጧት 5 ሰከንድ አካባቢ ነው የምታነደው። ሳቁ ግን አስሉት።

እና ሳሎን ለምን አይሁን አልኩ? መብራት ሲሄድ እኛ ቤት ቲቪው ይጠፋል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ወንድሜ ከክፍሉ በስልኩ መብራት እየታየ ይወጣል፣ እናቴ ከሰል ታያይዛለች፣ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ "እናንተም ጋ የለም?" ትላለች፣ ከዛ ሁላችንም በረንዳ ወጥተን የትኛው ሰፈር እንዳለው ቁልቁል እናያለን። "ሆጤ አለ፣ ፒያሳ አለ፣ እኛ ብቻ ነን" ከተባለ ንዴት ነው፣ ከተማው በሙሉ ጨለማ ከሆነ ደሞ ወላሂ ደስ ይለናል፣ ምን አይነት ክፋት እንደሆነ እንጃ። ከዛ ቡና፣ ከዛ ጫወታ፣ ልጆቹ እንቆቅልሽ፣ እስከ በረካ ድረስ ማንም አይነሳም። አምፑሉ ሳሎን የተሰቀለ ጊዜ ይሄ ሁሉ ቀረ፣ በዛች ደብዛዛ ብርሃን ሁሉም በየሶፋው ዳታ ከፍቶ ስልኩ ላይ ተደፋ፣ ሰፈሩ ሙሉ "መጣ!" ብሎ ሲጮህ እኛ ቤት ማንም ቀና አላለም። በማግስቱ እናቴ ራሷ አስፈትታ ኩሽና አስገባችው፣ ሳሎን ሻማ ተመለሰ።

ጨለማ ደስ ይላል ስል ግን አጭሩን ነው፣ ማታ 1 ሰዓት ሄዶ 3 ሰዓት የሚመጣውን። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው መብራት ለሳምንታት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል፣ ወፍጮ ቤቱ ቆሞ ስልክ የሚሞላበት ጠፍቶ፣ ያኔ ማንም እንቆቅልሽ አልተጫወተም።

ለመግዛት የምትሄዱ እዛው ሱቁ ውስጥ ጣታችሁን አርሳችሁ ሞክሩት፣ ካልበራ ባትሪው ባዶ ነው ወይ ሞቷል፣ "ቤት ስትሰኪው ይሰራል" ቢሏችሁ ሌላ ይከፈትልኝ በሉ። ደሞ ሁለት አይነት አለ፣ አንዱ ድፍን ነው፣ አንዱ ባትሪው ተስቦ የሚወጣ። መጀመሪያ የሚሞተው ባትሪው ስለሆነ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም የሚወጣውን ውሰዱ፣ ሲደክም ባትሪዋን ብቻ ትቀይራላችሁ።