14,500 ብር የከፈልኩባት አምፖል

ወላጆች፣ ልጃችሁ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ «የሳይንስና ሒሳብ ታብሌት» የሚሸጥ ሰው ከገጠማችሁ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳትልኩ።

እኔ ልኬያለሁ። ጥር ላይ የወላጆች ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። ሱፍ የለበሱ ሁለት ልጆች ፕሮጀክተር ይዘው ጠበቁን። «የ10ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሙሉው አለ። 120 ቨርቹዋል ላብራቶሪ። ኢንተርኔት አይፈልግም» አሉን። ከዚያ አንዲት አምፖል ከባትሪ ጋር በሽቦ አገናኝተው ስክሪኑ ላይ አበሩልን። የልጄ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ያቺ አምፖል ልቤን ወሰደችው።

የታየን ነገር በሙሉ ከላፕቶፕ ነበር። ታብሌቱ ካርቶኑ ውስጥ ነው ያለው። አንዳችንም ልብ አላልንም።

ቤት ወስደን ስንከፍተው ከላብራቶሪዎቹ ግማሹ ነጭ ስክሪን ብቻ ሆነ። ኮምፒውተር የተማረው የወንድሜ ልጅ ገና ሲያየው ሳቀ። «አክስቴ፣ ይሄ እኮ ፍላሽ ነው!» ፍላሽ ድሮ የኢንተርኔት ጌሞችና ተንቀሳቃሽ ምስሎች የሚሠሩበት የአዶቢ ፕሮግራም ነበር። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አቁሞታል። አንድሮይድ ላይማ ከዚያም ቀድሞ ነው የቀረው። ማለትም የሸጡልኝ ነገር በሸጡልኝ ዕቃ ላይ ሊሠራ አይችልም።

የቀረው ግማሽ ደግሞ ይከፈታል፣ ግን ኢንተርኔት ካለ ብቻ። ስንከፍተው ፌት (PhET) የሚባለው ነፃ የሳይንስ ሙከራ ድረ ገጽ ላይ ይወስደናል። ፌት የአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። በፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 ነው ያቋቋሙት። ማንም ሰው በነፃ ይጠቀምበታል። ያቺ ልቤን የወሰደችው አምፖልም የዚያው ናት!

መማሪያ መጽሐፍ ያሉት በአሮጌው ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀውን ነው። በላዩ «የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ዝግጅት» የሚል ክፍል አለው። ልጄ «እማዬ፣ ይሄ ፈተና እኮ ከቀረ ቆየ» አለችኝ። ምን ልበላት?

እኔ ራሴ የፕላዝማ ዘመን ተማሪ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ግድም ሒሳብና ፊዚክስ በሳተላይት ከስክሪን ነበር የምንማረው። የስክሪኑ መምህር «ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ብሎ ጥያቄ ይሰጣል፤ ገና ሳንጀምረው መልሱን ነግሮን ያልፋል። ቆይ አይባል ነገር። የክፍሉ መምህር ጥግ ይዘው ከእኛው ጋር ያያሉ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ስክሪን ያታልለኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ዘንድሮም የፊዚክስ መምህሩን የጠየቀ የለም። ስብሰባው ላይ እንኳ አልነበሩም።

ሻጮቹ ጋ ስደውል «አፕዴት እየለቀቅን ነው፣ እናቴ ትንሽ ታገሡን» አሉኝ። ታገስኩ። ሦስት ሳምንት። ይቺን ትዕግሥት ነው የምጸጸትባት። በ2006ቱ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየርልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስ መጠየቅ የምንችለው በ15 ቀን ውስጥ ነው። አፕዴቱ ያንን ጊዜ በላው። ደረሰኝ ብለው የሰጡኝም ማኅተም ያረፈበት ተራ ወረቀት ነው። ብሩን ያስገባሁት በግለሰብ አካውንት ነበር። አሁን ስልካቸው አይነሳም።

ስለዚህ ሻጭ ከመጣ ላፕቶፑን ይዝጋ። ለእናንተ የሚሰጠውን ታብሌት ራሱን ከካርቶኑ ያውጣ። ዋይፋይና ዳታ ይጥፋ። ከዚያ ልጃችሁ በዚያ ሳምንት እየተማረች ያለችውን ምዕራፍ ይክፈትላችሁ፣ ሌላ የመረጠውን አይደለም። ሕጋዊ ደረሰኝ ካልቆረጠ ደግሞ ወሬው እዚያው ያብቃ።

በነገራችን ላይ የፌት አዳዲሶቹ ሥራዎች ዳውንሎድ ይደረጋሉ። አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። የወንድሜ ልጅ የኤሌክትሪኩን ከነጂኦጀብራው አሮጌ ስልኬ ላይ ጫነልን። ጂኦጀብራም ለተማሪ ነፃ ነው፤ የሒሳብ ግራፍ ይሠራል። ልጄ ሁለት አምፖል በአንድ መስመር ስታገናኝ ብርሃኑ ለምን እንደሚደክም ያየችው በዚያ ስልክ ነው።

ሻጮቹ ባለፈው ሳምንት ሌላ ትምህርት ቤት ታይተዋል አሉ። ዋጋው 17 ሺህ ገብቷል።